በጉልምስና ነርሲንግ ጀምሬ የደም ጋዝ ላይ ተቸክያለሁ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው ነርሲንግ ልማር ብዬ ክፍል የገባሁት፤ ሐሳቤ ፅኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት ነው። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ የልጄ እኩዮች ናቸው፤ እሱስ ግድ የለም፣ «ማዘር» ባይሉኝ ጥሩ ነበር እንጂ።

የመድኃኒት ስሌቱን እንደምንም ተወጥቼዋለሁ። 4 ሚሊግራም ኖርኢፒነፍሪን (የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት) በ50 ሚሊሊትር ሲበጠበጥ በአንድ ሚሊሊትር 80 ማይክሮግራም ይሆናል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም ከታዘዘ ፓምፑ በሰዓት 5.25 ሚሊሊትር ላይ ይስተካከላል። እስከዚህ ደህና ነኝ።

ያቃተኝ የደም ጋዝ ነው፤ የደሙን አሲድነትና በውስጡ ያሉትን ጋዞች የሚለካው ምርመራ ማለት ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.29፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 58፣ ባይካርቦኔት (አሲዱን የሚያመጣጥነው) 27 ሲሰጡኝ ችግሩ የአተነፋፈስ እንደሆነ ወዲያው ይገባኛል። ፒኤቹ ያው ሆኖ ባይካርቦኔት 14፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 ሲሆን ግን እደናበራለሁ። አሲዱ ሜታቦሊክ፣ ማለትም መነሻው ከአተነፋፈስ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳንባው በቂ ማካካሻ እያደረገ ነው ወይስ ሌላ ችግር ተደርቧል? ባይካርቦኔቱን በ1.5 አባዝቶ 8 መደመር የሚለውን ቀመር ተምረናል፤ የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 29 ይመጣል፣ 2 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይፈቀዳል። ወረቀት ላይ ይሠራል። ቬንቲሌተር ላይ ያለ፣ ትንፋሹን ማሽኑ የሚወስንለት ታካሚ ሲሆንስ ቀመሩን እንዴት ነው የምትጠቀሙበት? እዚህ ላይ ነው የቆምኩት።

ሌላው፦ መምህራኖቼ መጀመሪያ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ቆይተሽ ልምድ ያዢ ይሉኛል። በእኔ ዕድሜ ጊዜው ያሳሳል። እንደ እኔ ዘግይታችሁ ተምራችሁ በቀጥታ ፅኑ ክፍል የገባችሁ ካላችሁ፣ ከበዳችሁ? የሌሊት ተራውንስ ሰውነታችሁ ቻለው?