አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ላለባት እናቴ የልብ ባይፓስ፦ ዋርፋሪኑን እናቁም?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከዚህ ቀደም እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ሕመሟ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ነው ተብሎ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። አሁን የልብ ደም ሥሮቿ ስለጠበቡ አዲስ አበባ ባይፓስ (ለደሙ በጠበበው ሥር ዙሪያ አዲስ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና) እንዲሠራላት ተወስኗል። አንድ ጎረቤታችን «ለቀዶ ሕክምና ደም ማቅጠኛ ይቆማል» ስላሏት ከዛሬ ጀምሮ ልትተወው ነው። የላቦራቶሪ ውጤቷ ደግሞ ደሟ ለመርጋት ይዘገያል ይላል። ታዲያ ሕመሟ የሚያረጋ ነው ወይስ የሚያደማ?

ነርስ፣ ሐረር፦ እህቴ፣ እባክሽ በራሳችሁ አታስቁሟቸው! ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ ለቀዶ ሕክምናው 5 ቀን ያህል ሲቀረው ይቆማል፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ እንዲህ ላለ ሕመምተኛም በምትኩ ሄፓሪን የተባለ በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛ ይሰጣል። በዚህ ሕመም መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በአንድ ጊዜ በብዙ የሰውነት ክፍል ደም ሊረጋ ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አግኙ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦ የሚያረጋ ነው። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ምርመራው የሚፈልገውን ፎስፎሊፒድ (የስብ ዓይነት) ስለሚይዝበት ደሙ በብልቃጥ ውስጥ ዘግይቶ ይረጋል፤ ሰውነት ውስጥ ግን ቶሎ ያረጋል። ይህን አጥብቄ የምጽፈው ለቀዶ ሕክምናው ነው። ደም በልብና ሳንባ ማሽን ሲዞር የሄፓሪኑ ሥራ የሚለካው ኤሲቲ በተባለ የመርጋት ጊዜ ምርመራ ነው። ያ ፀረ እንግዳ አካል ይህንንም ሊያስረዝመው ስለሚችል ሄፓሪኑ ሳይበቃ የበቃ ይመስላል! ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የደም ሐኪሙ በምን እንደሚለኩ አስቀድመው ይስማሙ፤ አንቲ ቴን ኤ የተባለ ሌላ ምርመራ አለ። «መርጋቱ ዘግይቷል» ብሎ ፕላዝማ (ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን የደም ፈሳሽ ክፍል) የሚሰጥ ሰውም እንዳይኖር ሕመሙ በካርዳቸው ላይ በጉልህ ይጻፍ። የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ የደም ሕዋሳት) ቁጥራቸውም ይታይ፤ በዚህ ሕመም ሊያንስ ይችላል።

ፋርማሲስት፣ ድሬዳዋ፦ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። «የአይኤንአር (የዋርፋሪን ልክ የሚታይበት የደም ምርመራ) ክትትል የማይፈልግ አዲስ ኪኒን አለ» ቢሏችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትቀይሩ። የዚህ ሕመም መለያ የሆኑት ሦስቱም ፀረ እንግዳ አካላት የተገኙባቸውን ሕመምተኞች ያጠና በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከአዲሶቹ ኪኒኖች አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት መካከል ደም የረጋባቸው ዋርፋሪን ከወሰዱት በልጠው በመገኘታቸው አስቀድሞ ተቋርጧል።

አስታማሚ፣ ሐረር፦ እኔ ወንድሜን አስታምሜያለሁ። የአይኤንአር ደብተራቸውን፣ የፀረ እንግዳ አካል ውጤቶቹን ከነቀናቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር በአንድ አቃፊ ያዙ። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ከሚቀመጡ አቅም ካለ በአውሮፕላን ውሰዷቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሄፓሪኑ መቼ እንደሚጀመር፣ ዋርፋሪኑስ መቼ እንደሚመለስ ከመውጣታችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።