የኤሌክትሪክ መኪናችንን የሚያመጣው መርከብ ለምን በጥቁር ናፍጣ ይሄዳል?

የገርጂው ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። አጎቴ ባለፈው ሳምንት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛና ከቤንዚን ሰልፍ ተገላገልኩ ብሎ ፈንድቋል። በ2024 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ሆኗል። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው። መኪናውን ከቻይና ጅቡቲ ድረስ የተሸከመው መርከብስ? ከባድ ጥቁር ናፍጣ! የፋብሪካ ቦይለር የሚያቃጥለው ዓይነት። ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ 3 በመቶ ገደማው ከመርከብ ነው። ምን ያዛቸው? ባትሪ አይሆንም? ሃይድሮጅንስ? ከባህር ሰዎች ነው መስማት የምፈልገው፤ ዩቲዩብ ሰለቸኝ።

ሦስተኛ ኢንጂነር፦
ባህር ዳር ተምሬ አሁን ደረቅ ጭነት መርከብ ላይ ነኝ። ወደብ ላይ ኔትወርክ አግኝቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ቢሳሳት ታገሱኝ። ጥቁር ናፍጣ ሲባል እንደ ውሃ የሚፈስ እንዳይመስላችሁ። ሲቀዘቅዝ ሬንጅ ነው። ታንኩ ውስጥ በእንፋሎት እናሞቀዋለን፣ ዝቃጩን በሚሽከረከር ማጣሪያ እንለያለን፣ ሞተር ሲገባ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው። ማጣሪያውን ፈትቼ ያጠብኩ ቀን ሽታው ከእጄ ሦስት ቀን አለቀቀም፤ በዚያ እጅ እንጀራ መቁረስ ይቅርባችሁ። ለምን እሱን? ርካሽ ነዋ። ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣ በኋላ የተረፈው ነው። የእኛ መርከብ በቀን 28 ቶን ይበላል።

ባትሪ ለአጭር መንገድ ይሠራል። ኖርዌይ ውስጥ ያራ ቢርክላንድ የምትባል 120 ኮንቴይነር የምትጭን አለች፣ መንገዷ ግን ቅርብ ነው። ከሻንጋይ ጅቡቲ በባትሪ እሄዳለሁ ካልክ ጭነትህ ባትሪው ራሱ ይሆናል። ፈሳሽ ሃይድሮጅን ደግሞ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ይፈልጋል። እኛ መርከብ ላይ የሥጋ ፍሪጁ እንኳ በየወሩ ይበላሻል።

አሁን ቀረብ ያለው ሜታኖል ነው፣ የአልኮል ዓይነት ፈሳሽ ነዳጅ። የዴንማርኩ መርከብ ኩባንያ ሜርስክ በ2023 በሜታኖል የምትሄደውን ላውራ ሜርስክን አስገባ፣ 2,100 ኮንቴይነር የምትጭን። ሞተሩ አላስቸገረም። ግን ሜታኖል ጉልበቱ የነዳጁን ግማሽ ያህል ነው፤ ለዚያው መንገድ ከእጥፍ በላይ ታንክ ትፈልጋለህ፣ ታንኩ የበላው ቦታ ደግሞ ኮንቴይነር ሊቀመጥበት የነበረ ነው። ደግሞ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሜታኖል የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። እሱን ከሆነ የምታቃጥለው ካርቦኑ ከፋብሪካውም ከመርከቡም ይወጣል፣ ታዲያ ምን ቀነስክ?

አፈርና ዘር፦
አሞኒያን ረሳችሁት። ካርቦን ስለሌለው ብዙዎች ተስፋ ጥለውበታል፤ በ2024 ሲንጋፖር ላይ ፎርቴስኪው ግሪን ፓዮኒር የምትባል መርከብ በነዳጅነት ሞክራዋለች። ሳይናፈስ የሰነበተ የዶሮ ቤት ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይን የሚያስነባው ያ ሽታ አሞኒያ ነው። ያ ትንሹ ነው። ማሽን ክፍል ውስጥ ቧንቧ ቢያፈስ ሰው ይገድላል።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ዓለም በዓመት ወደ 180 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ያመርታል፣ አብዛኛው ማዳበሪያ ይሆናል። ፋብሪካ ሳይጨመር መርከቦች ለዚሁ አሞኒያ ገዢ ሆነው ከመጡ የጎጃም ገበሬ ከመርከብ ኩባንያ ጋር ጨረታ ሊገባ ነው። ይሄን ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም።

ሮተርዳም ነኝ፦
መርከቦች ነዳጅ ሲቀዱ በየቀኑ አያለሁ። ነገሩ የዶሮና የእንቁላል ነው። ዛሬ የታዘዘ መርከብ 25 ዓመት ይሠራል። ባለቤቱ ነዳጁ በየወደቡ ካልተሸጠ አላዝም ይላል፣ አምራቹ ገዢ ሳይፈርም ፋብሪካ አላቆምም ይላል። ሁለት ዓይነት ነዳጅ የሚቀበል ሞተር የሚያዙ አሉ፤ ከዚያ ርካሹን ይቀዳሉ። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የመረጡም አሉ። ጥቀርሻው ይቀንሳል፣ ግን ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን፣ ማለትም ጋዙ ራሱ፣ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይብሳል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሕግ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም። በ2020 የነዳጁ ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 ይውረድ ሲባል ሁሉም አጉረመረመ፣ ግን ወረደ። አውሮፓም ከ2024 ጀምሮ መርከቦችን ለሚለቁት ካርቦን ማስከፈል ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት ግን በኦክቶበር 2025 ለንደን ላይ የካርቦን ክፍያውን ያጸድቃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አሜሪካ አጥብቃ ተቃውማ፣ 57 ለ49 በሆነ ድምፅ ለ1 ዓመት አራዘመው።

የገርጂው ልጅ፦
እና ክፍያው ሲመጣ ኮንቴይነሩ ላይ ነው የሚጫነው? ማለትም እኛ ላይ?

ትራንዚተሯ፦
ታዲያ በማን ላይ ወንድሜ! አሁንም እኮ ነዳጅ ሲጨምር አንተው ነህ የምትከፍለው። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ የመርከብ ኪራዩን ደረሰኝ ይዞ መጣና «የነዳጅ ማስተካከያ» የምትለዋን መስመር በጣቱ እየመታ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለኝ። ስንዋዋል አልነገሩትም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባህር ሲያስፈራ ደግሞ ስንቱ መርከብ ደቡብ አፍሪካን ዞሮ ነው አውሮፓ የሚገባው፣ ያ ሁሉ ተጨማሪ ቀን ናፍጣ ነው። በዶላር ነው ደግሞ።

ገና ተማሪ፦
ሦስተኛ ኢንጂነር፣ የጋዝና የሜታኖል ነዳጅ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ልተወው? ብሩ አልቀለለኝም።

ሦስተኛ ኢንጂነር፦
ውሰደው፣ አዲሶቹ መርከቦች ያለሱ አይቀጥሩህም። ግን ጥቁሩን አትናቅ፣ ብዙ ዓመት ከእሱ ጋር ነህ። ወደ ቀላሉ ነዳጅ ስትቀይር በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳታቀዘቅዘው፣ ፓምፑ ተጣብቆ ይቆማል። እኔን ሁለተኛው ኢንጂነር አጠገቤ ቆሞ ቴርሞሜትሩን በየደቂቃው ያስነብበኛል። ልውረድ፣ ፈረቃዬ ደረሰ።