የአንገት ኅብለ ሰረሰር ጉዳትና የእጅ ጡንቻ ማነቃቂያ፦ ግራው እጅ ለምን አይመልስም?

ጥያቄ፦ ፊዚዮ_ክልል

ሰላም ለሁላችሁ። ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ የ26 ዓመት ወጣት እያከምን ነው። ጉዳቱ ከደረሰ 4 ወር ሆኖታል። ደረጃው ሲ6 (የአንገት ስድስተኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል)፣ ኤሲያ ሲ (ከጉዳቱ በታች ጥቂት እንቅስቃሴ የቀረበት፣ ሙሉ ያልሆነ ጉዳት)። የእጁን አንጓ ወደ ላይ ሲያነሳ የጡንቻው ኃይል ከ5 በቀኝ 4፣ በግራ 3 ነው። ጣት ማጠፍ በሁለቱም 1፤ ጣት መዘርጋት በቀኝ 1፣ በግራ 0።

ያለን ባለ ሁለት ቻናል የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ የምቱ ስፋት (አንዱ የኤሌክትሪክ ምት የሚቆይበት ጊዜ) እስከ 300 ማይክሮ ሰከንድ፣ ፍጥነቱ እስከ 100 ሄርዝ ይደርሳል። 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ፓድ ክንዱ ጀርባ ላይ ስንለጥፍ፣ በቀኝ ጣቶቹ በመከፈት ፈንታ አንጓው ብቻ ይነሳል። በግራ ደግሞ ምንም ብንጨምር እንቅስቃሴ የለም። ትክክለኛው ቦታና መጠን ምንድን ነው?

ቤተሰቡ በጣም ይተባበራል። እናቱ ጠዋትና ማታ እጁን በቅባት አሽታ ጣቶቹን ከአንጓው ጋር ወደ ኋላ ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለታለች። አሜሪካ ያለች እህቱ ደግሞ አንገት ላይ የሚለጠፍ አዲስ ማሽን ተፈቅዷል፣ ገዝቼ ልላክ እያለች ነው። ምን እንበላት?

ምላሽ 1፦ የእጅ_ሕክምና

ስለ ማሽኑ ሌሎች ይመልሱልዎታል። ከማሽኑ በፊት ዛሬውኑ ማስቆም ያለብዎት ነገር አለ፤ እናትየው የሚያደርጉትን አዘረጋግ።

ሲ6 ላይ የተጎዳ ሰው ለጊዜው ያለው ትልቁ ሀብት አንጓውን ማንሳቱ ነው። አንጓው ሲነሳ የጣት ማጠፊያ ጅማቶች ስለሚወጠሩ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱም ወደ ሌባ ጣቱ ጎን ይጠጋል። አንጓው ሲወድቅ ጣቶቹ ይከፈታሉ። በዚህ ብቻ ብርጭቆ ማንሳት፣ ማንኪያ መያዝ፣ እንጀራ መቁረስ ይቻላል፤ ስሙ ቴኖዴሲስ ነው። ጅማቶቹ ትንሽ ከረር ካላሉ ግን አይሠራም። አንጓንና ጣቶችን አንድ ላይ ወደ ኋላ መዘርጋት ጅማቶቹን ያረዝማቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አንጓው ቢነሳም ጣቶቹ ላልተው ይቀራሉ። ይህ በሕመም ስለማይታወቅ ማንም ሳያስተውለው ወራት ያልፋሉ።

ለእናትየው እንዲህ ብለው ያሳዩአቸው፦ ጣቶቹን ሲዘረጉ አንጓው ወደ መዳፍ በኩል ታጥፎ ይሁን፤ ጣቶቹን ሲጨብጡለት አንጓው ተነስቶ ይሁን። ሁለቱ አብረው ቀጥ አይበሉ። መዳፉን ዘርግቶ ተደግፎ መነሳትም ያው ጉዳት አለው፤ ከዊልቸር ሲሸጋገር ጣቶቹን አጥፎ ይደገፍ።

በየሳምንቱ ይፈትሹት። አንጓው ሲነሳ አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ይነካል? አንጓው ሲወድቅ በጣቶቹና በአውራ ጣቱ መካከል ብርጭቆ ይገባል? የመጀመሪያው ከጠፋ ጅማቱ ላልቷል፣ ሁለተኛው ከጠፋ ከልክ በላይ ከሯል ማለት ነው። ይህ ልጅ ጉዳቱ ሙሉ ስላልሆነና ጣቶቹ ላይ 1 ስላለው፣ ከረር ይበል ብሎ ሙሉ በሙሉ መተው ደግሞ ስሕተት ነው። በተለይ መካከለኛው የጣት መገጣጠሚያ ታጥፎ ከደረቀ ነርቩ ቢመለስ እንኳ እጁ አይከፈትም።

ምላሽ 2፦ ነርቭና_ጡንቻ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣

በቀኝ ያጋጠመዎት የፓድ ጉዳይ ነው። 5 በ5 ፓድ ለክንድ ትልቅ ስለሆነ የአንጓ ማንሻዎቹንም አብሮ ይይዛል። 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ክብ ፓድ ይጠቀሙ። መዳፉ ወደ ታች ይሁን። አንዱን ፓድ ከክርኑ ውጫዊ አጥንት ወደ አንጓ በሚወስደው መንገድ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ሌላውን ከአንጓው በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድርጉ። አንጓው ብቻ ከተነሳ፣ ወይም ወደ አውራ ጣት ከዞረ፣ የላይኛውን ፓድ በትንሿ ጣት በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ያንሸራትቱ፤ ካልበቃም ወደ ታች። አሉታዊው ገመድ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ፣ ጡንቻው ላይ ባለው በላይኛው ፓድ ይሁን። የምቱ ቅርጽ ሁለቱ ጎን እኩል በሆኑ ማሽኖች ለውጡ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ገመዶቹን ቀይሮ መሞከር ነፃ ነው።

መነሻው 35 ሄርዝ፣ ስፋቱ 250 እስከ 300 ማይክሮ ሰከንድ፣ ኃይሉ ቀስ ብሎ ወደ ሙሉ መጠኑ የሚወጣበት ጊዜ 2 ሰከንድ፤ 5 ሰከንድ ሥራ፣ 15 ሰከንድ ዕረፍት። በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ 30 እና 45 ደቂቃ ያድርሱት፣ ዕረፍቱንም ወደ 10 ሰከንድ ይቀንሱ። በማሽን የተነቃቃ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ አእምሮ ትእዛዝ ሲሰጥ የጡንቻው ክሮች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፣ በማሽን ግን ያው ክሮች ደጋግመው ይሠራሉ። እንቅስቃሴው በግማሽ ከቀነሰ መጠኑን አይጨምሩ፣ ያቁሙ። ልጁ ማሽኑ ሲመጣ እሱም አብሮ ለመክፈት መሞከር አለበት፤ እያየ፣ እያሰበ፣ የፕላስቲክ ኩባያ ፊቱ ተቀምጦለት። ስልክ እያየ እጁ ብቻውን ቢንቀሳቀስ የተግባር ትምህርት አይሆንም።

ግራው ላይ ግን ከመደምደም በፊት ይህን ያድርጉ። ቅባቱን በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት ያለበት ቆዳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ካለፈ ደግሞ ያቃጥላል፣ ልጁም ስለማይሰማው አይነግርዎትም። ከዚያ ያንኑ ገመድና ፓድ ራስዎ ላይ ይሞክሩ፤ የገመድ መቆረጥና የደረቀ ፓድ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 1 ሄርዝ፣ ስፋቱን ወደ 300 አድርገው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ቆዳውን በየደቂቃው እያነሱ ይዩ። የምንፈልገው አንዲት ንዝረት ናት።

ነገሩ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው እንዲህ ስለሆነ ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን ጡንቻውን በቀጥታ አይነካም፤ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚያነቃው። ጉዳቱ ከአንጎል የሚወርደውን መስመር ብቻ ከቆረጠ የታችኛው ነርቭ ሕያው ስለሆነ ጡንቻው ይመልሳል። ጉዳቱ በዚያው ክፍል ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸውን ከገደለ ወይም የነርቭ ሥሮቻቸውን ከበጠሰ ግን በ300 ማይክሮ ሰከንድ ምንም አይመጣም። እንዲያ ከሆነ ውጤቱን መልሰው ይጻፉልን፤ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው።

ምላሽ 3፦ ነርስ_ማገገሚያ

ስለ ደም ግፊት ማንም ስላላነሳ ነው። በቲ6 (የደረት ስድስተኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል) ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ፣ ማለትም ድንገተኛና አደገኛ የደም ግፊት መጨመር፣ ሊይዘው ይችላል፤ ማሽኑም ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሰዎች መደበኛ የላይኛው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው፤ ስለዚህ 140 ለእኛ ተራ ቢመስልም ለእሱ አደጋ ነው። ከመደበኛው ከ20 እስከ 40 ከጨመረና የራስ ምታት፣ ከአንገት በላይ መቅላትና ማላብ ከመጣ ማሽኑን ያጥፉ፣ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች ያውርዱ፣ ቀበቶና ጫማ ያላሉለት። ወዲያው የሽንት ቱቦው ተጠምዝዞ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ፤ ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የሞላ ፊኛ ነው። ቀጥሎ ሰገራ፣ ከዚያ ቁስል፣ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ይለኩ። ምክንያቱ ካልተገኘና 150 ከደረሰ ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ አለበት። ከማሽን ሥራ በፊት ፊኛውን ማስለቀቅ ልማድ ይሁን።

ምላሽ 4፦ ማገገሚያ_ዲሲ

የእህትየውን ጥያቄ ከዚህ ከአሜሪካ ልመልስ። እየተናገረች ያለችው አንገት ላይ ተለጥፎ ኅብለ ሰረሰሩን ስለሚያነቃቃው አርክ-ኢኤክስ ስለተባለ ማሽን ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024) ፈቅዶታል። ከጀርባው ያለው ጥናት አፕ-ሊፍት ይባላል፤ በ14 ማዕከላት 60 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁሉም መጀመሪያ 2 ወር ያለ ማሽን፣ ከዚያ 2 ወር ከማሽኑ ጋር የእጅ ልምምድ ሠሩ። 72 በመቶው በጉልበትም በተግባርም መሻሻል አሳይተዋል። ከጉዳቱ 34 ዓመት ያለፈውም ሰው ነበረበት፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ጥናቱ የተሠራው ጉዳታቸው ቢያንስ 1 ዓመት በሆናቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህ ልጅ 4 ወሩ ነው፤ ራሱ በራሱ የሚመለስበት ዋናው ጊዜ ላይ ነው ያለው፣ ጥናቱም ስለ እሱ አይናገርም። ሌላው፣ የንጽጽር ቡድን ጎን ለጎን አልነበረም። ማሽኑም ብቻውን የሚሠራ አይደለም፤ የሰለጠነ ባለሙያ አስተካክሎት ከጠንካራ ልምምድ ጋር የሚሰጥ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ነው። በሻንጣ ቢመጣ የሚያስተካክለውም የሚጠግነውም አይኖርም።

እባካችሁ ያላችሁን ማሽን አንገቱ ላይ ለጥፋችሁ አትሞክሩት። አርክ-ኢኤክስ በ30 ሄርዝ ምት ውስጥ የ10 ኪሎ ሄርዝ ሞገድ አለው፤ ቆዳውን ብዙ ሳያሳምም ወደ ጥልቀት የሚደርሰው በዚህ ነው ይባላል። ተራ ማሽን በዚያ ኃይል ቆዳ ያቃጥላል፣ ግፊትም ያስነሳል።

እህትየው መርዳት ከፈለገች 3 ሳንቲ ሜትር ፓዶች በብዛት፣ ትርፍ ገመድና ጥሩ የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ትላክ። ፓዱ ለእሱ ብቻ ይሁን፤ ከሥራ በኋላ ጠብታ ውሃ ነክቶ ፕላስቲኩ ላይ መልሶ በታሸገ ከረጢት ካስቀመጡት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያገለግላል።

ምላሽ 5፦ የእጅ_ሕክምና

ስለ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። ሃንድስ ኦን የተባለው ጥናት በ70 ሰዎች ላይ፣ በቀን 1 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ሳምንት ማነቃቂያና በኮምፒውተር የታገዘ ልምምድ ሰጥቶ፣ ከመደበኛው ሕክምና ላይ በሳምንት 3 ጊዜ 15 ደቂቃ የእጅ ሕክምና ብቻ ከጨመረው ቡድን የተሻለ ውጤት አላገኘም። በቶሮንቶ የወጣ ትንሽ ጥናት ደግሞ ለማሽኑ የሚያደላ ውጤት አሳይቷል። የእኔ ግምት ማሽኑ ጥሩ ረዳት ነው፤ ሰዓት ከጠበበ ግን የሚቀነሰው እሱ እንጂ የተግባር ልምምዱ አይደለም።

ለውጡን በዓይን ግምት አይተዉት። አናጺ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 150 የእንጨት ኩቦችና መሐሉ 15.2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መከለያ የገባበት 53.7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን ይሥራልዎት። በ60 ሰከንድ ስንት ኩብ እንደሚያሻግር በየ2 ሳምንቱ ይቁጠሩ።

ፊዚዮ_ክልል

በጣም አመሰግናለሁ። እናቱ የአዘረጋጉን ለውጥ ተምረዋል። ቆዳውን በሳሙና አጥበን በትንሽ ፓድ ሞከርን፤ በቀኝ ጣቶቹ ተከፈቱ። በግራ የክንዱ ጀርባ ላይ በ1 ሄርዝና በ300 ምንም የለም፤ ማሽኑ እኔ ላይ ይሠራል። ፓዱን በመዳፍ በኩል ባለው የክንዱ ገጽ ስንለጥፍ ግን ጣቶቹ በደንብ ይታጠፋሉ።

ምላሽ 6፦ ነርቭና_ጡንቻ

በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው። የግራ ጣት መዘርጊያዎቹ ነርቫቸውን ሳያጡ አልቀሩም፤ ማጠፊያዎቹ ግን የታችኛው ነርቭ አላቸው። ኢኤምጂ (የጡንቻና የነርቭ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ባለበት ሆስፒታል ይረጋገጥ።

ጊዜ ያልኩት ለዚህ ነው። ነርቭ ያላቸው ጡንቻዎች ከዓመታት በኋላም በነርቭ ማዛወር ቀዶ ሕክምና (ከሚሠራ ነርቭ ቅርንጫፍ ወስዶ ከማይሠራው ጡንቻ ነርቭ ጋር በማገናኘት) ሊረዱ ይችላሉ፤ ነርቭ ያጡት ግን አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደማይመለስ መኮስመን ይገባሉ። ነርቭ ደግሞ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው። እጅን ለመክፈት የሚዛወረው መዳፍን ወደ ላይ ከሚያዞረው ጡንቻ የሚወሰድ ቅርንጫፍ ነው፤ እሱ ከሲ5 እና ከሲ6 ስለሚመጣ በዚህ ልጅ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። በሜልቦርን በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በ16 ሰዎች ላይ 59 እንዲህ ያሉ ማዛወሮችን አድርጎ፣ ብዙዎቹ እጃቸውን መክፈትና መጨበጥ ችለዋል፤ ሁሉም ከጉዳታቸው 18 ወር ያልሞላቸው ነበሩ።

ስለዚህ የእጅ ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ከ6ኛው ወር በፊት ይየው። በደብዳቤው ላይ የጡንቻ ነጥቦቹን በሙሉ፣ የማሽኑን ፈተና ውጤት ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ መዳፍን ወደ ላይ የማዞር ጉልበቱን ለብቻው ይለኩና ያካትቱ። እስከዚያው የግራውን ጀርባ በዚህ ማሽን ማነቃቃት ይቅር፤ ከቃጠሎ በቀር ትርፍ የለውም። ሁለተኛውን ቻናል ለማጠፊያዎቹ ያውሉት። ግራ እጁን ለመክፈት ክንዱን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አሳርፎ መዳፉ ወደ ታች ሆኖ አንጓውን ይጣለው፣ ጣቶቹ በክብደታቸው ይከፈታሉ፤ ከዚያ በኩባያው ዙሪያ አድርጎ አንጓውን ያንሳ።