መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሬ ወደ 2012 ይመለሳል፤ ፎርማት ይደረግ?

የሐዋሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የፕሪንትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራው ባገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ማታ ስዘጋ ዲቫይደሩን አጥፍቼ እሄዳለሁ። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ሰዓትና ቀን አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል። ስጫነው ዊንዶውስ ይገባል፣ ቀኑ ግን 1/1/2012 ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን እንኳ ያን ያህል አይርቅም ነበር፣ በፈረንጁ ነው። ቀን ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው።

ከዚያ ኢሜይል አይከፍትም። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ቀይ ምልክት ያወጣል። ደንበኛ ደግሞ «ሲቪዬን አውጥተሽ አትሚልኝ» ብሎ ቆሟል። አንድ ጠጋኝ «እህቴ፣ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ሌላው ባዮሱን፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት የሚነሣውን ፕሮግራም፣ ሪሴት አድርጊው አለ። የቱን ልስማ?

ሽቦ በጣሽ
ሁለቱንም አትስሚ። ያለቀው ባትሪው ነው።

ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ብዙ የመኪና ሪሞት ቁልፍ ውስጥ ያለችው ራሷ ናት፣ የትም ታገኛታለሽ። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱን ማስኬድ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የባዮሱንም ምርጫዎች የምትይዘው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል ይወስዳል፣ ባትሪዋ ታርፋለች። አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታጠፊዋለሽ፣ መብራቱም በራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ቶሎ ታልቃለች። ቢሆንም ዲቫይደሩን ማጥፋትሽን አትተዪ። መብራት ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩን ካቃጠለው ወጪው ሌላ ነው።

ኢሜይሉ የማይከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው። አስተማማኝ ግንኙነት የሚጠቀም ድረ ገጽ ሁሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ሰርተፊኬት፣ ማለትም የማንነት ማረጋገጫ፣ አለው። ኮምፒውተርሽ 2012 ላይ ቆሞ ሲያየው ገና ያልተጀመረ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አያምነውም። ቫይረስ የሚባል ነገር የለም እዚህ ውስጥ። ይሄ «ፎርማት ይደረግ» የሚሉት መድኃኒት ለሁሉም በሽታ መታዘዙ መቼ ይቀራል?

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ግቢና ገጾቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በተለይ ሳታ ሞድ የሚለውን፤ ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ አጥፊው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢ፣ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ። ክዳኑን ክፈቺ፣ ሰውነትሽ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ንኪ። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት ገፋ ስታደርጊ ብቅ ትላለች። አዲሷን አሮጌዋ በነበረችበት አቅጣጫ አስገቢ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ነው። አሁን ባዮስ ገብተሽ ቀንና ሰዓት አስተካክለሽ ሴቭ አድርጊ።

ቦሌ 17
ሽቦ ያለው ልክ ነው፣ ፎቶ ማንሳቱን ግን እንዳትረሺው። እኔ ቢሮ ውስጥ ባትሪ የተቀየረለት ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዊንዶውስ አልገባም ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ አይቻለሁ። ዊንዶውሱ የተጫነው ሳታ ሞዱ ኤኤችሲአይ የሚባለው ምርጫ ላይ እያለ ነበር። ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሲመለስ ሬይድ የሚባለው ሌላው ምርጫ ላይ ሆነ። ወደ ኤኤችሲአይ ሲመለስ ወዲያው ተነሣ። አንድም ፋይል አልጠፋም።

አዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ባዮስ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ መኖሩን እዩ። ካለ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እሱን ሳትይዙ አትነካኩት።

ማኪያቶ
ጣልቃ ልግባ። ማክቡክ ላይ ድምፁና የስክሪኑ መጠን ሲዘባርቅስ?

ሽቦ በጣሽ
የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ አጥፍተህ አብራው፣ ወዲያው ኦፕሽን፣ ኮማንድ፣ ፒ እና አርን አንድ ላይ 20 ሰከንድ ያህል ያዝ። ኤም 1 የሚባለው የአፕል ፕሮሰሰር ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው ከሆነ ይሄ አይሠራም፣ ሪስታርት አድርገው።

የሐዋሳዋ
ባትሪዋን ቀየርኩ! ኤፍ 1 የሚለው ጠፋ፣ ኢሜይሉም ተከፈተ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባዮስ ላይ ሰዓቱን በእኛ ነው የምሞላው? አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ሽቦ በጣሽ
በፈረንጁ ነው፣ 14:00 ብለሽ ሙዪ። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ አድርጊው። አዲስ አበባ የሚል ዝርዝሩ ውስጥ አታገኚም፣ ሰዓቱ ግን አንድ ነው።