«ወረቀት የሌለው ድሃ አይደለም» ላለው ሰውዬ

ጂረን፦ ትናንት የ12ኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው ስለ ውጭ ትምህርት ሲነገራቸው ከእህቴ ልጅ ጋር ሄጄ ነበር። የአሜሪካ ኮሌጆች የቤተሰብ አቅም አይተው ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት ድጎማ ነበር ወሬው። አንድ አባት እጅ አወጡ። «እኔ ያለኝ ቡና ነው፣ ደሞዝ የለኝም፣ ምን ላምጣ?» አሉ። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወረቀት የሌለው ድሃ አይደለም።» አዳራሹ በሳቅ አለቀ። አባትየው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደሜ እንደፈላ ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ አነጋገሩ ይከርራል እንጂ ነገሩ ልክ ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ማስረጃ ይጠይቃል። እዚሁ ጅማ ፎቅ አከራይቶ ግብር ሲመጣ ገቢዬ ትንሽ ነው የሚል ስንት አለ? እሱም ልጁን «ድሃ ነን» ብሎ ያስመዘግብ?

ቆጪ፦ ሒሳብ ሹሙ የማንን መዝገብ ሲሠራ እንደኖረ ሳንጠይቀው ነገረን። ሃሃሃ።

ጂረን፦ ስለ ፎቅ ማን አነሳ? እኔ የማወራው ስለ ሁለት ጥማድ ቡና ነው። ድጎማ የሚጠየቅበትን ቅጽ አይቼዋለሁ። እርሻ ካላችሁ ዋጋው ስንት ነው ይላል። መሬት እኮ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም! ዜሮ ብትጽፍ ዋሸህ። ቁጥር ብትጽፍ ባለሀብት ሆንክ። አንተ ሒሳብ አዋቂው፣ ምን ይጻፍ?

ሒሳብ ሹሙ፦ የቡናውን ገቢ ይጻፋ። ሲሸጥ ደረሰኝ ይቀበል።

ጂረን፦ እሸት ቡና መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ሰቅሎ ለሚገዛ ሰብሳቢ ደረሰኝ አምጣ በለው እስቲ። ወላሂ፣ አንተ ከቢሮ ወጥተህ አታውቅም። ገንዘቡ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል። ክረምት ላይ ያው ገበሬ ከነጋዴው በብድር ነው የሚበላው። የትኛው ወር ነው ወረቀት የሚኖረው?

ሂርማታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚያው አሜሪካ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ በድጎማ። አባቴም ደረሰኝ አልነበረውም። ከቀበሌ ማህተም ያለው ደብዳቤ አወጣን፣ አስተረጎምን። ከዚያ አባቴ በየትኛው ወር ስንት እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚበደር በአንድ ገጽ አስጻፈ። ኮሌጁ ተቀበለው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የድጎማ መጠየቂያ ቅጽ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለየተጨማሪው 16 ዶላር ይጠይቃል። ግን ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ኮድ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፣ ያለ ክፍያ የራሳቸውን ቅጽ የሚቀበሉም አሉ። በኢሜይል መጠየቅ ነው። በአንድ ሰውዬ ንግግር ልጆቹን ተስፋ አታስቆርጡ።

ሒሳብ ሹሙ፦ ይኸው! እሷም ወረቀት አቅርባ ነው ያገኘችው። ሰውየው ምን አጠፋ?

ሂርማታ፦ ወንድሜ፣ ወረቀት ማዘጋጀት ይቻላል ማለትና ወረቀት ከሌለህ ድሃ አይደለህም ማለት አንድ ነው እንዴ?

ቆጪ፦ ለሱ አንድ ነው። ለሱ የታመመ ሰው ካርድ ካላወጣ አልታመመም።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ዋናውን ነገር ረሳችሁት። ድጎማ የጠየቀ ልጅ ዕድሉ ይጠባል። ተማሪዎቼን «አልፈልግም ብላችሁ አመልክቱ፣ ከገባችሁ በኋላ ትጠይቃላችሁ» እላቸዋለሁ።

ሂርማታ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ምክር ልጅ ይጎዳል። የውጭ ተማሪን የኪስ ነገር ሳያዩ የሚቀበሉት እነ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት ናቸው። በ2022 ዳርትመዝና ቦዶይን ተጨመሩ። በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌሎቹ ጋ መጠየቅ ዕድልን እንደሚያጠብ እውነት ነው። ግን አልፈልግም ብሎ የገባን የውጭ ተማሪ ብዙዎቹ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱለትም። ደግሞ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ-20 የሚባለውን የኮሌጁን ወረቀት ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ማሳየት ግዴታ ነው። ከየት ያሳያል?

መምህሩ፦ እኔ ከልምዴ ነው የተናገርኩት።

ቆጪ፦ ከማን ልምድ ነው ጋሼ? ከገባው ነው ከቀረው?

ሒሳብ ሹሙ፦ ሂርማታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይመራ ተባለ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ አባትሽ በአንድ ቀን ድሃ ሆነ ማለት ነው?

ሂርማታ፦ በዶላር ስትቆጥረው አዎ። ክፍያው በዶላር አይደል?

ጂረን፦ ከመሬቱ ጥያቄ ሸሸህ ሒሳብ ሹሙ። አይቼሃለሁ።

መምህሩ፦ እንዲያውም ለምንድነው ይሄ ሁሉ ጭንቀት? ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለን። እዚህ የአባትህን ኪስ የሚበረብር የለም። ከ1996 ጀምሮ የነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ልጅ ያንኑ የኮስት ሼሪንግ ውል ይፈርማል፣ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እኩልነት ማለት ይህ ነው።

ጂረን፦ ይህ ነው እንጂ የሚገርመው! መኪና ያለው ልጅና ለፎቶ ኮፒ የሚበደር ልጅ እኩል ዕዳ ሲፈርሙ እኩልነት አሉት። የእነሱ ቅጽ ቢያንስ ልዩነት አለ ብሎ ይጀምራል። እኔ የምጣላው ልዩነቱን ከሚለኩበት ሚዛን ጋር ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ታዲያ ሚዛኑ ምን ይሁን? እንባ?

መምህሩ፦ ጎበዝ ጎበዙ ሁሉ ሄዶ አገሩን ማን ይሠራል? ድጎማው ራሱ ልጆቻችንን መልቀሚያ ነው።

ቆጪ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የእርስዎ ልጅ የት ነው ያለው?

መምህሩ፦ ካናዳ። የማንንም ድጎማ አልጠየቀም። ቤት ሸጬ ነው የላክሁት።

ቆጪ፦ የሚሸጥ ቤት ያለው ሰው ነው እንግዲህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይበቃችኋል የሚለን።

መምህሩ፦ አንተ ልጅ፣ ስድ ነህ። ለአንተ መልስ የለኝም።

ሒሳብ ሹሙ፦ ቆጪ፣ ታላቅን አክብር። ጋሼ፣ ግን ቤቱን የሸጡበት ውል በስንት ነው የተጻፈው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።