የጣት አሻራ በሸሪዓ ለወንጀል ማስረጃ ይበቃልን?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ሰሞኑን በሰፈራችን ሱቅ ተሰብሮ ፖሊስ ከመስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ማንሳቱ ስለተሰማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ክርክር ተነሣ። አንዱ በሱረቱል ቂያማህ (75፥4) የጣት ጫፎች መጠቀሳቸውን አስረጅ አድርጎ አሻራ ከምስክር ይበልጣል ሲል፣ ሌላው ስርቆት የሚረጋገጠው በሁለት ዐድል (ታማኝ) ምስክሮች ወይም በሌባው ኢቅራር (በራሱ ማመን) ብቻ ነው፣ አሻራ ዋጋ የለውም አለ። የፊቅህ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ደረሳ፣ ከሐይቅ፦
ወዐለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። ሁለተኛው ሰው ስለ ሐድ፣ ማለትም በሸሪዓ መጠኑ ስለተወሰነው ቅጣት (ለስርቆት እጅ መቁረጥ)፣ የተናገረው ልክ ነው፤ የሳተው ከሐድ በታች ሌላ ቅጣት የሌለ ማስመሰሉ ላይ ነው። አሻራ የሚታየው በቀሪና፣ ማለትም በአመልካች ማስረጃ ሥር ነው። የዩሱፍ ቀሚስ ከኋላ መቀደዱ ንጽሕናቸውን እንዳሳየ ቁርኣን ይነግረናል (12፥26–28)፤ በ751 ሂጅራ የሞቱት ኢብኑል ቀይምም ቀሪናን ቸል የሚል ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) የሰው ሐቅ ያጠፋል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የዱካ ነገር ነው። የዑረይና ጎሳ ሰዎች የነቢዩን እረኛ ገድለው ግመሎቹን በነዱ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአሳዳጆቹ ጋር ዱካ አዋቂ መላካቸው በሙስሊም ዘገባ አለ። የኛም አገር ሰው በሬ ሲጠፋበት ዱካ ይከተላል፤ ዱካው ግን እስከ በረቱ ደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ በሬውን ማን እንደፈታው አይነግረውም። አሻራም የእጅ ዱካ ነው። ከፊቅህ መዝሀቦች ማሊኪያዎች ባል የሌላትን ሴት እርግዝና ለዝሙት ሐድ ማስረጃ አድርገው ሲቀበሉ፣ በወሎ የምንቀራቸው ሻፊዒዎችና ሐነፊዎች ግን በሹብሃ (በጥርጣሬ) ሐድ ይመለሳል ብለው አይቀበሉትም። ስለዚህ አሻራ እጅ አያስቆርጥም፤ ተጠርጣሪን ለመጠየቅ፣ ሌላ ማስረጃ ሲታከልበትም በተዕዚር፣ ማለትም ዳኛው እንደ ሁኔታው በሚወስነው ከሐድ በታች በሆነ ቅጣት፣ ለመቅጣት ያገለግላል።

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ጀዛከላሁ ኸይር። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አሻራ ከሌላቸው ግን ሹብሃው ከየት ይመጣል?

ጠበቃ፣ ከኮምቦልቻ፦
አሻራው ቢለያይም አመሳካሪው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የአንድ አሜሪካዊ ሙስሊም ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ካሰረው በኋላ፣ የስፔን ፖሊስ የሌላ ሰው መሆኑን ስላረጋገጠ ይቅርታ ተጠይቋል። ማመሳከሩ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ስኳር ሊገዛ ገብቶ መስታወቱን የተደገፈ ደንበኛም አሻራውን ትቶ ይሄዳል።

ደግሞም የሱቁ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት እነዚህ ችሎቶች የሚያዩት የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ። አሻራ እዚያ የሚነሣው በኒካህ ወይም በውርስ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው «የእኔ አይደለም» ብሎ ሲክድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሐድ የሚባል ነገር ስለሌለ ቃዲው አሻራውን የሚመዝነው በሰፋ እጅ ነው።