እንግዴ ልጁ በደንብ አያሳልፍም ተባልኩ፣ የምበላው የት ነው የሚሄደው?

ጠያቂ፦ ሰላም እናቶች እባካችሁ እርዱኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው 31 ሳምንት ገብቻለሁ፣ ትናንት አልትራሳውንድ ታይቼ ልጁ ለሳምንቱ አነስ ብሏል እንግዴ ልጁ በደንብ እያሳለፈለት ላይሆን ይችላል አሉኝ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር ሳልጠይቅ ወጣሁ። እኔኮ እበላለሁ! አማቴ ደሞ ስላልበላሽ ነው እያሉ ገንፎ በላይ በላዩ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ አይዞሽ እህቴ፣ የኔም ሁለተኛዋ ትንሽ ናት ተብላ ነበር አሁን ቤቱን እያመሰችው ነው 😂 ብቻ ክትትሉን እንዳትተይ።

አዋላጇ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ እስቲ ላስረዳሽ። የበላሽው ቀጥታ ልጁ ጋ አይሄድም፣ ተፈጭቶ ደምሽ ውስጥ ይገባና ደሙ እንግዴ ልጁ ጋ ይደርሳል። እዛ ያንቺና የሱ ደም አይቀላቀልም፣ መሀል ላይ ስስ ሽፋን አለ። ኦክስጅን ራሱ ሰርጎ ያልፋል፣ ግሉኮስ (ስኳሩ) ደሞ የራሱ በር አለው፣ ካንቺ ብዙ ካለበት ወደሱ ትንሽ ወዳለበት ይሻገራል። አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ሲፈጭ የሚገኘው) እና ካልሲየም ግን እንግዴ ልጁ ጉልበት አውጥቶ ነው የሚጎትታቸው፣ ለዛ ነው ካንቺ ደም ይልቅ ልጁ ደም ውስጥ በዝተው የሚገኙት። ከዛ በእትብቱ ይሄዳል፣ እትብት ውስጥ 3 የደም ስር አለ አንዱ ወደ ልጁ ያመጣል ሁለቱ ይመልሳሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሳህኑ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ካነሰ ገንፎ ቢደረደርም አይደርሰውም። የደም ግፊትሽ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ካርዱ ላይ 145 በ92 ይላል፣ ምንም አላሉኝም

አዋላጇ፦ እሱን ነው የፈራሁት፣ ከፍ ያለ ግፊት ወደ እንግዴ ልጁ ከሚሄደው ደም ማነስ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ከ20 ሳምንት በኋላ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ዝም አይባልም፣ ዛሬውኑ ተመለሽ፣ ግፊቱን ደግመው ይለኩ፣ ሽንትሽ ፕሮቲን እንዳለው ይታይ፣ የእትብቱን የደም ፍሰት በዶፕለር (የደም ፍሰት በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ስር ህመም ወይ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቡና ወዳድ፦ የአይረን ክኒኑንም ከቡናና ሻይ ጋር አትውሰጂ፣ ሆድሽ እንዳይመጠው ያደርጋሉ፣ እኔ ስንት ወር በከንቱ ዋጥኩት።

ጠያቂ፦ ባሌን ጠርቼ እየወጣሁ ነው። ገንፎውንስ ምን ልበላቸው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ለባልሽ ስጪው 😂 ስትመለሺ ንገሪን